ሞተር ስለሞቀ ቆመ

የጡረታ ጉዳዬን ልጨርስ የሄድሁ ቀን፣ ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠችው ልጅ የድሮ ፋይሌን ስታገላብጥ ቆይታ ፈገግ አለች። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ከገባሁ ጀምሮ «ጋሼ» እያለች በትሕትና ነው ያስተናገደችኝ። «የእናንተ ጊዜ ሥራስ ጥሩ ነበር፤ ቀን ሙሉ ዕረፍት በሐይቁ ዳር፣ ዕረፍት በሐይቁ ዳር ይላል» አለችኝ። የአገልግሎቴን ማጠቃለያ አንብቤ እንድፈርም ስታቀርብልኝ ነገ እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ። በዚያች ሰዓት ከአፌ ይወጣ የነበረው ነገር ለእሷ የሚገባ አልነበረም። የሚገባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ዛሬ የሉም።

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ላይ የከባድ መኪና ሾፌር ነበርሁ። የምሠራበት ድርጅት የራሱ ጭነት የሚባል ነገር አልነበረውም። መኪናና ሾፌር አንድ ላይ አድርጎ ለሌላ መሥሪያ ቤት የሚያውስ ነበር። ጠዋት ለፋብሪካ ጥጥ ታመላልሳለህ፣ ከሰዓት በኋላ እህል ለሚሰበስበው መሥሪያ ቤት ትመደባለህ፣ ክረምት ሲቃረብ ማዳበሪያ ይዘህ ዱርቤቴ ትሄዳለህ፣ ዘመቻ ሲታወጅ ደግሞ ሁሉን ትተህ ለዘመቻው ነህ። ፋብሪካው የሚመዘግበው እሱ ዘንድ የዋልህበትን ሰዓት ብቻ ነው። እህል ሰብሳቢውም እንደዚያው። የእኛ ስምሪት ክፍል ደግሞ ሥራ የሚለው ጎማው ሲሽከረከር ነው። የአንድ ሰው ቀን ተከፋፍሎ እዚህም እዚያም ይጻፋል፤ ደምሮ ይህ ሰው ስንት ሰዓት ሠራ የሚል ግን አልነበረም። ሁሉም ላይ የምፈርመው እኔው ነበርሁ።

ሕግ አልነበረም እንዳትሉ። በስምሪት ክፍሉ ግድግዳ ላይ ወዛደሩ በቀን ከስምንት ሰዓት በላይ እንዳይሠራ የሚል ጽሑፍ በቀይ ቀለም ተጽፎ ተሰቅሏል። በየስብሰባው አጨብጭበንለታል። ሕጉን በማክበር ድርጅታችን ከአውራጃው አንደኛ ወጥቶ ባንዲራ ተሸልሟል፤ ባንዲራዋም ከጽሑፉ ጎን ተሰቅላ ነበር።

ከሁሉ የሚመረኝ ወደቡ ነው። ከደልጊ እህል የጫነችው ጀልባ ትመጣለች ተብሎ ማለዳ ሐይቁ ዳር እንሰለፋለን። ነፋስ ከተነሣ አትመጣም፤ ካልተነሣም የምትመጣው በፈለገችው ሰዓት ነው። ከመኪናህ አትርቅም። ሰልፉ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ታስጠጋለህ፣ ሸራ ትዘረጋለህ፣ ገመድ ትቀጥላለህ፣ ፀሐዩ አናትህ ላይ ነው፣ ቢንቢው ዓይንህ ውስጥ ነው። ጀልባዋ ስትደርስ ጆንያውን ቆጥረህ የምትረከበው አንተ ነህ፤ ቢጎድልም የምትጠየቀው አንተ ነህ። ጭነቱ አልቆ ፀሐይ ወደ ዘጌ ስታዘቀዝቅ የስምሪቱ ጸሐፊ ወረቀቱን ይዞ ከች ይላል። ከማለዳ ጀምሮ ላለው ጊዜ «ዕረፍት በሐይቁ ዳር» ብሎ ጽፎበታል። ትፈርማለህ። ያን ጊዜ ሥራህ ገና መጀመሩ ነውና ጭነቱን ይዘህ ደብረ ማርቆስ ንዳ ትባላለህ።

ደመወዙን አላነሣውም። ከወር ወር አያደርስም ነበር፤ ግን በዚያ ዘመን የማንም ደመወዝ አያደርስም ነበር።

ሥራውን ያስተማሩኝ አያ እንየው ናቸው። አባታቸው ከሐይቁ ደሴቶች በአንዱ መሪጌታ ነበሩ፤ እሳቸውም ዳዊት ደግመው ቅኔ ቤት ገብተው ነበር። ሞተር ከቅኔ ቤት ቀማኝ ይላሉ። ረዥም፣ ቀጭን፣ ሲስቁ ድምፅ የማያሰሙ ሰው ናቸው። መንጃ ፈቃድ አውጥቼ ስቀጠር ከእሳቸው ጋር መደቡኝ፤ ተሳቢ መንዳት ከመንጃ ፈቃድ ጋር አብሮ የሚመጣ አልነበረምና።

ከመነሣታቸው በፊት መኪናዋን አንድ ጊዜ ይዞሯታል። በብረት ዘንግ እያንዳንዱን ጎማ መታ መታ አድርገው ድምፁን ያዳምጣሉ፤ ነፋስ የጎደለው ጎማ ድምፁ ይሞታል። መንገድ ላይ በቆምን ቁጥር የእጃቸውን ጀርባ የጎማው እምብርት ላይ ያሳርፋሉ፤ አንዱ ከሌላው ከጋለ ፍሬኑ ይዟል ማለት ነው። ዓባይ በረሃን ሊወርዱ ሲሉ ጠግበው አይበሉም። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ፣ ፍሬን ሳይነኩ፣ ሞተሩ እያጓራ ይወርዱታል። ካድሬ አብሮን ካለ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ ይጸልያሉ፤ ከሌለ ደግሞ በግእዝ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

ከዚህ ሁሉ የበለጠብኝ ግን ድልድይ መጠየቃቸው ነበር። ዝም ብለን ስንሄድ ቆይተን ድንገት፣ «አስማረ፣ የመጨረሻው ድልድይ የትኛው ነበር?» ይላሉ። መጀመሪያ አካባቢ መንገድ የሚያስጠኑኝ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን እኔ እየነዳሁ ከመራዊ ወዲያ ሲጠይቁኝ ቆጋን ማለፋችንን አላውቅም። ወንዙ ሙሉ ነበር፣ ድልድዩ ጠባብ ነበር፣ እኔ ተሳቢ እየጎተትሁ በላዩ አልፌ አላየሁትም። አቁም አሉኝ። ዓይን ተከፍቶም ይተኛል፤ ያለፍኸውን ድልድይ ካላስታወስህ ተኝተህ ነው የነዳኸው አሉኝ። ከጎማው ሥር ድንጋይ አስቀመጡ፣ ኮፈኑን ከፈቱ፣ እኔን ተሳቢው ሥር አስተኙኝ።

ኮፈኑ ለምን እንደሚከፈት ስነቃ ገባኝ። በጉዞ ወረቀቱ ላይ መኪናዋ የቆመችበት ምክንያት የሚሞላበት ቦታ አለ። ጎማ፣ ፍሬን፣ ሞተር፣ ነዳጅ፣ መንገድ ይላል። ሾፌር የሚል የለም። አያ እንየው በቆንጆ የቄስ ትምህርት ቤት ጽሑፋቸው «ሞተር ስለሞቀ ቆመ» ብለው ሞሉበት።

«መታመም ለርሷ ተፈቅዷል፤ ለአንተ አልተፈቀደም» አሉኝ። «በርሷ ስም ተኛ። ዕረፍት በሐይቁ ዳር ሲሉህም ፈርምላቸው፤ አንተ ግን እንዳታምነው። ወረቀቱ ዐርፏል ይልሃል፤ አንተ ዓይንህን ጠይቅ።»

አንድ ጊዜ ቡሬ ሳንደርስ እንዲሁ ኮፈን ከፍተን እንደተጋደምን የአውራጃ ባለሥልጣን በላንድሮቨር መጥቶ ቆመ። አያ እንየው ተስፈንጥረው ተነሡና ጭንቅላታቸውን ሞተሩ ውስጥ ቀበሩት። ምን ሆነ ሲላቸው ከዚያው ውስጥ ሆነው፣ ሞቀብኝ ጓድ፣ ትንሽ ትብረድልኝ አሉት። ሰውየው አይዟችሁ ብሎ ለመኪናዋ አዝኖ ሄደ። እኛም ተመልሰን ተኛን። ሾፌሩ ሁሉ ይህን ያደርግ ነበር፤ የተማረውም ከእሳቸው ነው። ተማክረን አይደለም። አንዱ ሌላውን መንገድ ላይ ኮፈን ተከፍቶ ካየው ጡሩምባ ሳያሰማ ቀስ ብሎ ያልፈዋል። ባሕር ዳር ውስጥ የእኛን ያህል ሞተሩ የሚሞቅ ድርጅት አልነበረም።

ከዚያ አንድ ዓመት የዱርቤቴና የመራዊ ማዳበሪያ ዘገየ። ዝናቡ ቀድሞ ጣለ፣ ገበሬው ያለ ማዳበሪያ ዘራ፣ ከበላይ ለምን ዘገየ የሚል ጥያቄ መጣ። ማዳበሪያው የዘገየው መጋዘን ውስጥ ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። መጋዘኑ ግን የሚከላከልለት ሰው ነበረው። የጉዞ ወረቀቶች ተሰበሰቡና በየገጹ ሞተር ስለሞቀ ቆመ፣ ሞተር ስለሞቀ ቆመ የሚል ተገኘ። የስምሪት ኃላፊያችን ጓድ ፈለቀ ጨካኝ ሰው አልነበረም። ፈሪ ነበር፤ በእኔ ሚዛን ያ ይብሳል። ለምን እንደምንቆም አሳምሮ ያውቃል፤ ግን ሾፌሮቹ ደክሟቸው ነው ቢል ባንዲራዋ ከግድግዳ ትወርዳለች፣ እሱም አብሯት ይወርዳል።

ስለዚህ ሞተሮቹ ይመርመሩ ተባለ። የጋራዡ መካኒክ ግርማ የአያ እንየውን መኪና ፈትቶ አየና ሞተሩ ጤነኛ ነው ብሎ ፈረመ። ምን ያድርግ? ሞተሩ ታሟል ቢል፣ ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልጠገንህም ይባላል። ነገሩ አያ እንየው ላይ ወደቀ። ሞተሩ በእውነት ሞቆ ከሆነ ግርማ ውሸታም ነው፣ አሻጥረኛ ነው። ካልሞቀ ደግሞ አሻጥረኛው እሳቸው ናቸው። አሻጥረኛ የሚለው ቃል በዚያ ዘመን ምን እንደሚያመጣ የኖረበት ያውቀዋል።

ከበላይ አንድ ሰው ተልኮ መጣና ሠራተኛው ሁሉ አዳራሽ ተሰበሰበ። ግርማ ፊት ለፊት ተቀምጦ ይታየኛል፤ ገና ሚስቱ የወለደች ሰሞን ነው። ከአያ እንየው አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቀው። ሞቋል ቢሉ ነጻ ይወጣሉ፣ ግርማ እስር ቤት ይገባል። አያ እንየው ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«ሞተሩ ጤነኛ ነው። ግርማ እውነቱን ነው» አሉ። «የደከመው እኔ ነበርሁ። የሰው መድከሚያ ቦታ ወረቀቱ ላይ ስለሌለ ነው።»

 እኔ ያን ጊዜ ወጣት ነኝ፣ ደሜ ፈላ። ተነሣሁና አፌን ሞልቼ ተናገርሁ። ብቻቸውን አይደሉም፣ ሁላችንም እንደዚያ እንጽፋለን አልሁ። ወደቡ ላይ ዕረፍት የሚባለው ዕረፍት አይደለም አልሁ፤ ጥጡን፣ እህሉን፣ መንገዱን አንድ ላይ ደምሩትና ሕጉ የት እንዳለ አሳዩን አልሁ። ስጨርስ የሚያጨበጭብ ይኖራል ብዬ ጠብቄ ነበር። አንድም እጅ አልተንቀሳቀሰም። ጓድ ፈለቀ የእኔን ወረቀቶች ከክምሩ አወጣና ፊርማው የማን ነው አለኝ። የእኔ ነው። ዕረፍት በሐይቁ ዳር ይላል፣ ፈርመህበታል? ፈርሜበታለሁ። ተቀመጥ አለኝ፣ ተቀመጥሁ።

ከበላይ የተላከው ሰው ግን ሌላ ነገር ነበር የሰማው። አንድ ሾፌር ለብቻው ቢሆን ስንፍና ተብሎ በደመወዝ ቅጣት ያልፍ ነበር። እኔ ሁላችንም ነን ስል ነገሩ አድማ ሆነ። አድማ ደግሞ መሪ ይፈልጋል። በዕድሜ የሚበልጡትና ያስተማሩት አያ እንየው ናቸው። እኔን በወጣትነቴ ሂሴን እንድውጥ አድርገው ተዉኝ። እሳቸውን ከአዳራሹ በር ላይ ወሰዷቸው።

ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ። አልዋሸሁም፣ ማንንም አልከዳሁም፣ ይቅርታ የምጠይቅበት ነገር የለኝም። የተናገርሁት እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። ያንገበገበኝም ይኸው ነው፤ ብዋሽ ኖሮ ይጠቅማቸው ነበር። እውነት መናገር ሰው የሚያስርበት ቢሮ ውስጥ ዕድሜዬን ፈጀሁ፤ ይህን ብዬ ብሞት አይቆጨኝም።

ከዚያ ወዲህ መኪና መንገድ ላይ ሲቆም የመካኒክ ፊርማ ያስፈልጋል ተባለ። ከዱርቤቴና ከዳንግላ መካከል መካኒክ ከየት ይመጣል? ኮፈን የሚከፍት ጠፋ። ብዙም ሳይቆይ ታከለ የሚባል ጓደኛችን ዓባይ በረሃ ላይ ከነመኪናው ገደል ገባ። ታከለ ቀልደኛ፣ ምግብ ወዳጅ፣ ለሚያውቀውም ለማያውቀውም ጡሩምባ የሚያሰማ ሰው ነበር። በዋዜማው ከማለዳ ጀምሮ ወደብ ላይ ከእኔ ኋላ ተሰልፎ ውሎ ነው የጫነው፤ እዚያው ቆመን ዳቦ ተካፍለናል። ወረቀቱ ዐርፎ ተነሣ ይላል። የአደጋው ምክንያት የሾፌር ጥንቃቄ ጉድለት ተብሎ ተዘጋ። ለቅሶ ቤት ጓድ ፈለቀ መጥቶ እናቱን ሲያጽናና አይቼ ወጥቼ አጥር ሥር ቆምሁ። እዚያ ብቆይ ኖሮ አንቀው ነበር።

አያ እንየው ከታከለ ሞት በኋላ ተፈቱ። ከስተው፣ ጥርሳቸው ጎድሎ መጡ። መንጃ ፈቃዳቸው ተወስዷል። ድርጅቱ ራራሁላቸው ብሎ የግቢው ዘበኛ አደረጋቸው። መኪና የሚወጣበትንና የሚገባበትን ትልቁን የብረት በር እንዲከፍቱና እንዲዘጉ ማለት ነው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ተሳቢ የጎተቱ ሰው ጎጆ በምታህል ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ቁልፍ ይዘው ሲቀመጡ ያየ ሾፌር ሁሉ ፊቱን ወዲያ እያዞረ ያልፍ ነበር። እሳቸው ግን አንድም ቀን አላማረሩም። እኔን ሲያዩም ስለ አዳራሹ አንሥተው አያውቁም።

አንድ ቀን ከጎንደር ጥጥ ይዤ ምሳ ሰዓት ላይ ገባሁ። በዋዜማው ወደብ ውያለሁ፣ ከዚያ ጎንደር ደርሼ ተመልሻለሁ። ገና ሳልወርድ የስምሪቱ ጸሐፊ ወረቀት ዘረጋልኝ፤ መኪናው ተራግፎ እህል ጭኖ ደብረ ማርቆስ ይሄዳል፣ አስቸኩሉ ተብሏል። እንቢ ማለት አድማ ነው። ፈረምሁ። ተጭኖ ሲያልቅ ሞተር አስነሥቼ ወደ በሩ መጣሁ። አያ እንየው ቁልፋቸውን ይዘው ወጡና በመስኮቴ ወደ ላይ አዩኝ።

«አስማረ፣ ዛሬ ስትገባ የመጨረሻው ድልድይ የትኛው ነበር?» አሉኝ።

አሰብሁ። ከጎንደር የሚመጣ ሰው ከተማ ሊገባ ሲል ዓባይን ይሻገራል። ያን የሚያህል ድልድይ፣ ያን የሚያህል ውሃ። ማለፌን አላውቅም። ፊቴን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ በሩ ሄዱ። ቁልፉን ከተቱት፣ አወጡት፣ በነጠላቸው ጠረጉት፣ እንደገና ከተቱት። ዘወር ብለው ጮኹ፤ ለእኔ ሳይሆን ለቢሮው መስኮት ነው።

«ቁልፉ እንቢ ብሏል! የመንግሥት ቁልፍ ነው፣ ልሰብረው አልችልም!»

ሞተሩን አጠፋሁ። ጋቢናው ውስጥ ገና ጎኔን ሳላሳርፍ ጓድ ፈለቀ ከቢሮው እየተቻኮለ ሲመጣ በመስታወቱ አየሁት። ቁልፉን ከአያ እንየው እጅ ተቀብሎ ራሱ አዞረው። ቁልፉ ወዲያው ከፈተ። ጓድ ፈለቀ የተከፈተውን ጓጉንቸር በእጁ እንደያዘ እሳቸውን አየ፣ ቀና ብሎ እኔን አየ። አያ እንየው ዓይናቸውን አልሰበሩም። ሰውየው ጓጉንቸሩን መልሶ ቆለፈው። ዘይት ያስፈልገዋል ብሎ ቁልፉን ለእሳቸው መልሶ ሰጣቸውና ሄደ። ያን ቀን ልወደው ምንም አልቀረኝም ነበር። ግን አዳራሽ ውስጥ የት ነበረ? ታከለ ገደል ሳይገባ የት ነበረ?

ስነቃ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። አያ እንየው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሳልፍ አላዩኝም፣ እኔም ጡሩምባ አላሰማሁም። ከዚያ በኋላ ያ በር ስንት ሾፌር ላይ እንቢ እንዳለ እግዜር ይወቀው። ቁልፉ ተለወጠ፣ አዲሱም እንቢ አለ። እሳቸው እዚያ በር ላይ በነበሩበት ዘመን ከእኛ አንድም ሰው ገደል አልገባም።

ደርግ ወደቀ፣ ድርጅቱ ፈረሰ፣ መኪናዎቹ ተሸጡ። አያ እንየው ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆዩም፤ አባታቸው ባገለገሉበት ደሴት ተቀበሩ። ሬሳቸውን በጀልባ ስንወስድ ሁላችንም ሾፌሮች ነበርን፤ ግርማም ነበረ፣ ልጁን ይዞ። እኔ ከዚያ ወዲህ በሌላ ቦታ ሌላ መኪና እየነዳሁ እስከ ጡረታዬ ደረስሁ።

በማግሥቱ ጡረታ ቢሮ ተመለስሁ። ልጅቷ ማጠቃለያውን አውጥታ ሰጠችኝ። የአገልግሎት ዘመን፣ ልክ ነው። ከሕግ በላይ የሠራሁት ሰዓት፣ የለም። ስሕተት ካለው አሁን ንገሩኝ ጋሼ፣ ከፈረሙ በኋላ አይታረምም አለችኝ። ለማረም ማስረጃ ያስፈልግ እንደሆነ ጠየቅኋት፤ ያስፈልጋል፣ በጊዜው የተጻፈ አለች። በጊዜው የተጻፈው ያ በእጇ ያለው ነው። ካልፈረምሁ ደግሞ ጡረታዬ አይንቀሳቀስም። እስክሪብቶውን ተቀብዬ እንደ ድሮው ፈረምሁ።

ወረቀቱን ስትሰበስብ መስኮቱን ይዤ ቆምሁ። ከዚህ በላይ የቀረ ነገር አለ ጋሼ አለችኝ። በሥራ ዘመኔ በየትኛውም ቢሮ፣ ለየትኛውም አለቃ ተናግሬው የማላውቀው አንድ ቃል ነበር።

«ወንበር ካለሽ ስጪኝ፣ የኔ ልጅ» አልኋት። «ደክሞኛል።»

ሰዓቷን አየችና ገና ጠዋት እኮ ነው ብላ ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አየችና የራሷን ወንበር ይዛልኝ ወጣች።